ሞተሩ ከላይ ሲጮኽ ከታች ያለው ምን ይጠጣል?

በዚህ ዓምድ ስለ ጾም፣ ስለ ንስሓ፣ ስለ ቅዱሳን በዓላት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ ወንዝ ውኃ እንድጽፍላችሁ ግድ ሆኖብኛል። «ጸበል ካልሆነ በቀር ቄስንና ውኃን ምን አገናኛቸው?» የምትል አትጠፋም። ታሪኩን ስሙና ፍረዱ።

አንድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን አንዲት እኅታችን ከኋላ ቀርታ አገኘኋት። የመቂ አካባቢ ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች። እዚህ ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርታለች። በአራተኛው ዓመቷ ታናሽ ወንድሟ «እኅት ዓለም፣ ከወንዙ ዳር መሬት ተከራይቼ ሽንኩርትና ቲማቲም ላልማ፤ የውኃ ሞተር መግዣ ላኪልኝ» አላት። እርሷም የብዙ ወር ደመወዟን አጠራቅማ፣ ለራሷ ጫማ እንኳ ሳትገዛ ላከችለት። ሞተሩ ተገዛ፤ ጎማው ተዘረጋ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርት ደኅና ዋጋ አወጣ። የእናታቸው ቤት ሣር ተነሥቶ ቆርቆሮ ለበሰ። ያን ጊዜ «ድካሜ ፍሬ አፈራ» ብላ ሻማ ይዛ መጥታ እንደነበር አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግን ነገር መጣ። በጥር ወር ወንዙ ከወንድሟ ማሳ በታች ተቋረጠ። ከታች ያሉት ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ፤ ጭቅጭቅ ሆነ፤ ዱላም ተነሣ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት አክስቷ ነበረችበት። አክስቲቱ ደውላ አልተቆጣችም፤ አልረገመችም። «ልጄ፣ አንቺ በላክሽው ገንዘብ ላሞቼ ተጠምተው ዋሉ» ብቻ አለቻት።

«አባቴ፣» አለችኝ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፤ «ሞተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ወንዙን ካየሁት ሰባት ዓመቴ ነው። ኃጢአቱ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የወንድሜ?»

እኔም ቸኩዬ «ልጄ፣ አንቺ ለወገንሽ በጎ አሰብሽ እንጂ ምን ኃጢአት አለብሽ!» ብዬ አሰናበትኋት። ከሄደች በኋላ ግን መልሴ ለራሴ አልጣመኝም። የአክስቲቱን ላሞች በአንድ ቃል አልፌአቸዋለሁና። መምህሮቻችን ሲያስተምሩን ቃሉን በአንድ በኩል ብቻ አይተን እንድንሄድ አይፈቅዱልንም ነበር፤ እንዲህም ያሰኛል፣ እንዲያም ያሰኛል እያልን አዙረን እናየዋለን። በዚያው ዓመት ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ መንገዴን በመቂ በኩል አደረግሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ የመቂን ድልድይ ታውቁታላችሁ። ከድልድዩ በታች ያየሁት ከውኃው ይልቅ አሸዋው ይበዛ ነበር። በወንዙ ዳር በእግሬ ወደ ላይ ሄድሁ። የሞተሩ ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል። ሠላሳ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ የእኅታችን ሞተር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወንዙ ባልደረቀ ነበር። እያንዳንዱ ገበሬ ጥቂት ወሰደ፤ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ጥቂት ሲወስድ ግን ለታችኛው ምንም አልቀረም።

ይህን ለመረዳት «ተፋሰስ» የሚለውን ቃል ማወቅ ይጠቅማል። የቆርቆሮ ጣራ አስቡ። ዝናብ ሲዘንብ በአንዱ ክዳን ላይ የወረደው ሁሉ ወደ አንድ አሸንዳ ይሰበሰባል፤ ከጭምጭምታው ማዶ የወረደው ደግሞ በሌላው አሸንዳ ይሄዳል። አገርም እንዲሁ ነው። ተራሮቹ እንደ ጣራው አናት ናቸው፤ ወንዙ አሸንዳው ነው፤ ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ሐይቅ የሚወርድበት ምድር ተፋሰስ ይባላል። አገራችን 12 ተፋሰሶች እንዳሏት ተቆጥሯል። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ አኮቦ፣ ኦሞ ጊቤ፣ አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ ዳዋ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ መረብ፣ ደናክል እየተባሉ ይጠራሉ፤ አይሻና ኦጋዴን ግን ከተፋሰስ ቢቆጠሩም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላቸውም። የክልል ካርታና የተፋሰስ ካርታ አንድ አይደሉም። ውኃ ቀበሌ አያውቅም፤ መታወቂያም አይጠየቅም።

የመቂ ወንዝ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ያ ምድር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። ወንዙ ወርዶ ኦሮሚያ ይገባና ከዝዋይ ሐይቅ ይጨመራል። ከወዲያ ማዶ ከአርሲ ተራሮች ደግሞ ከታር ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ የዝዋይ መጋቢዎች ናቸው። ከዝዋይ በስተደቡብ ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ይወጣና ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። ከአቢጃታ ወዴትም የሚወጣ ወንዝ የለም፤ መጨረሻው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ዝዋይን ሳነሣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልምና። ዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። በትልቁ ደሴት በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን አባቶቻችን ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ወደዚህች ደሴት እንደሸሹ፣ መጻሕፍቱንም በዚያ እንዳተረፉ በትውፊት ይነገራል። የደሴቱ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ከሐይቁ ዓሣ እያወጡ በታንኳ እየተመላለሱ ሲኖሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ያን ሁሉ መከራ ያሳለፈ ሐይቅ ጥልቀቱ ምን ያህል ይመስላችኋል? በአብዛኛው ሥፍራው ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ነው። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እንደ ትሪ ነው። ፀሐይ በዓመት ከላዩ የምትወስደው ውኃ ከሰማይ በላዩ ከሚወርደው ዝናብ ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞሉለት መቂና ከታር ናቸው። እነርሱ ሲያንሱ ሐይቁ ዝቅ ይላል፤ ሐይቁ ዝቅ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ወደ ቡልቡላ የሚፈሰው ነው። ቡልቡላም በበኩሉ በዳርና በዳሩ ሞተር ተደርድሮበታል። በዝዋይ ዙሪያ ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ የባቱ ከተማ ሕዝብም የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

ስለዚህ የመከራው ሁሉ ማረፊያ አቢጃታ ሆነ። ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ኋላ ሸሸ። ከዳሩ ሶዳ አሽ የሚያወጣ ፋብሪካም ውኃውን ሲስብ ኖሯል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጣፋጭ ውኃ ሲቀርበት ጨውነቱ ይበረታል፤ ወጥ በእሳት ላይ ሲቆይ ውኃው እየተነነ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ጨውነቱ ሲበረታ በአቢጃታ ይሰገር የነበረው ቆሮሶ ዓሣ አለቀ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ጎጇቸውን የሚሠሩት በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ለጎጆ ይመቻል፤ ምግባቸውን ግን ከአቢጃታ ያመጡ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። እኅቶቼ፣ ልጆቻችሁን እናት ዘንድ ትታችሁ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገራችሁ እናንተ ይህን የወፎቹን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ይህን የውኃ መንገድ ከጉራጌ ተራራ እስከ አቢጃታ ድረስ እንደ አንድ አድርጎ የሚያየው ማን ነው? የግብርናው ሰው ስንት ሄክታር በመስኖ እንደለማ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሞተር ሲበዛ ደስ ይለዋል። የከተማው የውኃ ሰው ለቧንቧው ይጨነቃል። የኢንቨስትመንቱ ሰው ለአበባ እርሻ መሬት ይሰጣል። የማዕድኑ ሰው ሶዳውን ይቆጥራል፤ የፓርኩ ሰው ወፎቹን ይቆጥራል። ሁሉም ሥራውን እየሠራ ነው፤ አንዱን እንስራ ግን አምስት ሰው በየፊናው ይቀዳበታል። የእንስራውን መጉደል የሚያየው መጨረሻ ላይ የመጣው ብቻ ነው።

በሕግ ረገድ አገራችን ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ደግሞ ለቤት ፍጆታ የሚውለው እንደሚቀድም ይደነግጋል። ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ማውጣት እንደሚያስፈልግም ያዛል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ የውኃ ወፍጮና ባህላዊ ከብት ርባታ ግን ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 ወጣ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ ክልሎችና መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ውኃውን እንዲያካፍሉ ነው። ለዓባይ፣ ለአዋሽና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባለሥልጣን ተቋቋመላቸው። በ2011 ዓ.ም. እነዚህ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። እኔ የቢሮ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤት ቶሎ ቶሎ ስሙንና ቤቱን ሲለውጥ ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ አቤት የሚልበትን በር ማወቁ ይቸግረዋል። ያነጋገርኋቸው ገበሬዎች አንዳቸውም የተፋሰስ ምክር ቤት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ይህን የምለው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቂ ወንዝ ዳር ሳይደርስ እንደ ቡልቡላ በመንገድ ቀርቷል።

ከአዋጁ በፊት ግን አባቶቻችን ያለ ወረቀት የሚያውቁት ሥርዓት ነበር። በእኛ አገር በጎጃም ወንዝ ጠልፎ መስኖ የሚያጠጣ ሰፈር ሁሉ «የውኃ አባት» ነበረው፤ በአንዳንድ ሥፍራ ዛሬም አለ። የውኃ አባት ሰፈሩ የሚመርጠው፣ የማያዳላ የተባለ ሰው ነው። ተራ ያወጣል። ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሌ ይላል። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ቆርጦ ሁሉን ያስወጣል፤ ከጠረጋው የቀረ ይቀጣል። በሌሊት ተደብቆ ውኃ የሰበረ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ተማሪ ሳለሁ በምንማርበት ደብር አጠገብ አንድ ባለጸጋ ተራው ሳይደርስ ውኃውን ወደ ማሳው ቢመልስ የውኃ አባቱ፣ ያውም ድኻ ሰው፣ በዶማ ቦዩን ደፍኖ «ነገ ተራዎ ነው፣ ጌታዬ፤ ዛሬ የመበለቲቱ ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። ባለጸጋውም አጉረመረመ እንጂ አልደገመም። በዚያ ዓይነት ቦይ ላይ ከላይ ያለው ከታች ያለውን በስም ያውቀዋል። ችግሩ ሞተር ሲመጣ ነው። ቦይ መጥለፍ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ መስማማት ግድ ነው። ሞተር ግን አንድ ሰው ገዝቶ ብቻውን ያስነሣዋል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። እኛም ከባሕር ማዶ ሆነን ገንዘቡን ስንልክ የሰፈሩን ሥርዓት ሳናውቀው እናልፈዋለን።

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነብቡ በዘፍጥረት 26ኛው ምዕራፍ የይስሐቅን ጉድጓዶች ታስታውሳላችሁ። ይስሐቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የአገሩ እረኞች ተጣሉት፤ የጠብ ስም አወጣለት። ሌላ ቆፈረ፤ በዚያም ተጣሉት፤ የጥላቻ ስም አወጣለት። ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ በዚያ አልተጣሉትም፤ የስፋት ስም አወጣለት። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ የይስሐቅን ትዕግሥት ብቻ ነበር የማደንቀው። አሁን ሳስበው ግን ይስሐቅ የሚሄድበት ሰፊ ምድር ነበረው። የአክስቲቱ ላሞች ወዴት ይሂዱ? ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ በ34ኛው ምዕራፍ የሰቡትን በጎች ይወቅሳቸዋል፤ እናንተ ጥሩውን ጠጥታችሁ የቀረውን በእግራችሁ ታደፈርሱታላችሁን ይላቸዋል። ጠጣችሁ ብሎ አልወቀሳቸውም። ከኋላ የሚመጣውን በመርሳታቸው ነው የወቀሳቸው። ለእኅታችን ጥያቄ ከእኔ የችኮላ መልስ ይልቅ ይህ ይቀርባል መሰለኝ።

ውኃ ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚደርስ ማየት የምትፈልግ ሐረማያን ትጠይቅ። የሐረርጌ ልጆች ታውቁታላችሁ። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ይጠጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ላይ ከብት ተሰማራ። ለምን ደረቀ? ከዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ዛፋቸው አልቆ አፈሩ በጎርፍ ወርዶ ሐይቁን ሞላው። ለጫትና ለአትክልት በየዳሩ ሞተር ተተከለ። ከተማውም ይስባል፤ ሌላውም ይስባል። ሐይቁ የሁሉም ስለነበረ የማንም ሆኖ ቀረ። የሐረር ሕዝብ በውኃ ጥም የተሠቃየበትን ዘመን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ኋላ ውኃው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በሞተር ወደ ላይ እየተገፋ እንዲመጣ ሆነ። ደግነቱ፣ ኮረብቶቹ እርከን ተሠርቶላቸው፣ ዛፍም ተተክሎ፣ ዝናብም ረድቶ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ በከፊል ተመልሷል። የደረቀ ሁሉ ደርቆ አይቀርም ማለት ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲደርቅ ያየ ሰው ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አያምነውም።

ተራራው ሲራቆት የሚጎዳው ውኃ ማጣት ብቻ አይደለም፤ መብዛቱም ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ላይ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች በተኙበት አለቁ። ደቻቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ገበያ የሚያቋርጥበት። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከደጋው ነው፤ ከተማው የተኛው ከታች ነው። ይህን የማነሣው ብዙዎቻችሁ በላባችሁ ገንዘብ ቤት ስለምታሠሩ ነው። ርካሽ መሬት ተገኘ ሲሏችሁ ወንዙ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ውኃው የት ድረስ ሲወጣ እንዳዩ አስጠይቁ። ደላላ ይህን አይነግራችሁም።

ስለ ዓባይ ማንሣት ቀረ አትበሉኝ። ለሕዳሴው ግድብ ከደመወዛችሁ ቀንሳችሁ ቦንድ የገዛችሁ ብዙ ናችሁ፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ዓባይ ሲነሣ ሁላችንም ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው አገር አዋቂዎች ነን። ሆኖም ያው የላይና የታች ነገር በየመንደራችን አለ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት የተነገረው ለሌላ አገር ሰው አይደለም። ደግሞም ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች በጎርፍ የሚወርደው አፈር ማረፊያው ግድቡ ነው፤ በላይ እርከን የሠራ ገበሬ ለቦንዳችሁ ጠባቂ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

እናንተ ያላችሁበትንም አገር ተመልከቱ። በኩዌት፣ በኳታር፣ በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ ያላችሁ፣ በረንዳ የምታጥቡበት ውኃ በአመዛኙ ከባሕር ጨው ተለይቶለት የመጣ ነው፤ በእነዚያ አገሮች ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። እዚህ ሊባኖስ ያለን ደግሞ የሊጣኒን ወንዝ እናውቃለን። ሊጣኒ ከበቃዓ ተነሥቶ ባሕር እስኪገባ ከሊባኖስ ምድር አይወጣም፤ ማንም ባዕድ አይሻማበትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቁሞለታል፤ ትልቅ ግድብም ተሠርቶለታል። ነገር ግን የየከተማው ፍሳሽና የየፋብሪካው ቆሻሻ ገባበት፤ በ2021 ከቃርዑን ግድብ ሐይቅ ዳር በብዙ ቶን የሚቆጠር የሞተ ዓሣ ተለቀመ። ማዳም በበጋ በቦቴ ውኃ ስትገዛ የምታማርረው ምሬት ከዚህ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። መሥሪያ ቤት ማቋቋም ብቻውን ወንዝን አያጠራም።

እንግዲህ ገንዘብ አትላኩ፣ ሞተር አትግዙ ልል ነውን? አይደለም። ወንድማችሁ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ወይም እርሱም እንደ እናንተ በበረሃ በባሕር ከሚሰደድ ሽንኩርት ቢያለማ ይሻላል። ነገር ግን ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነውና ይመልሱላችኋል። ከማሳው በታች በዚያው ውኃ የሚኖር ማን አለ? በጥርና በየካቲት ወንዙ ምን ያህል ይሆናል? በሐምሌ ሞልቶ ያየ ሰው አይመስክር። በሰፈሩ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ? እነዚህ ማኅበራት በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ሕጋዊ መሠረት አላቸው፤ ተራ ማውጣት፣ ያጠፋውን መቅጣት፣ ከወረዳው ጋር መነጋገር ይችላሉ። የውኃ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ፤ ሞተር እንደ አባቶች ቦይ ባህላዊ መስኖ ነው ብሎ መገመት አይበቃም። ማኅበር ከሌለ ደግሞ ለሁለተኛ ሞተር ከመላክ ይልቅ ቦዩን ውኃ እንዳያሰርግ ለማስጠገን፣ ወይም የክረምቱን ጎርፍ የሚይዝ ኩሬ ለማስቆፈር መላክ ይቻላል። በክረምት የተያዘ ውኃ በበጋ ከማንም አይነጠቅም። ማሳውን ማጠጣትም በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን በማለዳ ወይም ሲመሽ ቢሆን ብዙ ይተርፋል፤ ይህን ገበሬ ያውቀዋል፣ ነገር ግን ሞተር በኪራይ ሲሆን በተገኘ ሰዓት ነው የሚነሣው።

የእኅታችንን ነገር ልጨርስላችሁ። ከመቂ ስመለስ ጠርቼ «ያን ቀን ቸኩዬ ነው የመለስሁልሽ» አልኋት። «ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና፣ ወንድምሽን አትስደቢው፤ ነገር ግን አክስትሽና እርሱ አንድ ላይ ሳይቀመጡ ሌላ ብር አትላኪ» አልኋት። እርሷም እንዲሁ አደረገች። ወንድሟ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አንቺ ቤሩት ተቀምጠሽ የወንዝ ዳኛ ሆንሽ?» አላት። ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አልቅሳብኛለች፤ እኔም መክሬ አጠፋሁ ይሆን ብዬ ተጨንቄአለሁ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰበሰቧቸው፤ ቄሱም ሼኩም ነበሩበት። ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው ያሉት ባለ ሞተሮች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሊያስነሡ፣ በሌላው ቀን ውኃው ወደ ታች ሊለቀቅ ተስማሙ። በጥርና በየካቲት የሽንኩርቱ መደብ በግማሽ ሊቀነስ ተባለ። ወንድሟ በዚያ ዓመት ያገኘው ካለፈው ያነሰ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከስምምነቱ ውጭ የሆኑ፣ ከዚያም በላይ ያሉ ሞተሮች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ እነርሱን የሚሰበስባቸው የሰፈር ሽማግሌ አይደለም፤ ከሰፈርና ከክልል በላይ የሆነ ሰው ይጠይቃል። የወረዳውን ቢሮ በር ሁለት ጊዜ አንኳኩተው «ይታያል» ተብለዋል።

ባለፈው የካቲት በአንድ እሑድ እኅታችን ስልኳን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ የአክስቷን ድምፅ አሰማችኝ። ከኋላ ላም ትጮኻለች፤ ሕፃናት ይንጫጫሉ። አሮጊቲቱ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ስታወራ ቆየችና ልትዘጋው ስትል፣ «ደግሞ ውኃው ማክሰኞ ማታ ደረሰን» አለች።